የታካሚን የአእምሮ ሁኔታ መመርመር፦ ምን እንደሚታይ፣ እንዴት እንደሚጠየቅ፣ እንዴት እንደሚጻፍ

የአእምሮ ሁኔታ ምርመራ ማለት ታካሚው በዚህ ሰዓት፣ ከፊታችን ተቀምጦ ሳለ ምን እንደሚመስል፣ ምን እንደሚያደርግ፣ ምን እንደሚናገርና ምን እንደሚሰማው በሥርዓት አይቶ መመዝገብ ነው። አስታማሚው «ትናንት ሌሊቱን ሲጮህ አደረ» ቢል ያ ታሪክ ነው፤ ካርዱ ላይም በታሪክ ክፍል ይጻፋል። ታካሚው ጥግ ጥጉን እያየ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ እኛው ካየነው ግን ምርመራ ነው። ሁለቱ የተደባለቁበት ካርድ ከሦስት ሳምንት በኋላ ለሚያነበው ባለሙያ አይጠቅምም፤ ታካሚው ይሻለው ይባስበት የሚያነጻጽርበት መነሻ አያገኝበትምና።

በጤና ጣቢያ፣ በድንገተኛ ክፍልና በአእምሮ ሕክምና ክፍል የምንሠራ ሁሉ ቅደም ተከተሉን በእንግሊዝኛ ተምረነዋል። የሚያስቸግረው ጥያቄውን በአማርኛ ማንሣቱና መልሱን በሰውየው ኑሮ መመዘኑ ነው። ከዚህ በታች ያለው በዚያ ላይ ያተኩራል።

ከመጠየቅ በፊት

ሙቀት፣ የልብ ምት፣ የደም ግፊት፣ የአተነፋፈስ ፍጥነትና የደም ስኳር ይለካ። በድንገት ግራ የተጋባና ትኩሳት ያለው ሰው ሌላ እስኪረጋገጥ ድረስ የሰውነት ሕመምተኛ ነው፤ ወባ፣ ማጅራት ገትር፣ ታይፈስ፣ የስኳር መውረድ አስቀድመው ይታሰቡ። ቀጥሎ አስታማሚውን ጠይቁ፦ ዛሬ ጫት ቅሟል? አረቄ፣ ጠጅ ወይም ጠላ መጨረሻ የጠጣው መቼ ነው? ወደዚህ ከመምጣቱ በፊት መርፌ ተወግቷል? ከሁለት ሰዓት በፊት ዲያዜፓም የተባለ ማረጋጊያ የተወጋ ሰው ሲንቀረፈፍና ንግግሩ ሲጎተት የምናየው መድኃኒቱን ሊሆን ይችላል።

ባለሙያው ወደ በሩ ቀረብ ብሎ ይቀመጥ፤ የታካሚውን መውጫ ግን አይዝጋ። በፍርሃትና በጥርጣሬ የተወጠረ ሰው መውጫ ሲያጣ ፊቱ ያገኘውን ይገፋል። መቀስ፣ መርፌና ብርጭቆ ከጠረጴዛ ላይ ይነሡ። ታካሚው በገመድ ወይም በሰንሰለት ታስሮ ከመጣ ለምንና ከመቼ ጀምሮ እንደታሰረ ጠይቁ፤ የሚያግዝ ሰው በአቅራቢያ ካለ አስፈቱት። የታሰረ ሰው ዝም ቢል ወይም ቢቆጣ ከሕመሙ ይሁን ከእስሩ መለየት አይቻልም። ከተፈታ በኋላ የእጅ አንጓውንና ቁርጭምጭሚቱን ለቁስል፣ ለእብጠትና ለመደንዘዝ እዩ።

ዕድሜው ከእናንተ ያነሰም ቢሆን በ«እርስዎ» ጀምሩ። «አንተ» ወይም «አንቺ» ብትሏቸው ይቀልላቸው እንደሆነ ወጣቶችን መጠየቅ ይቻላል። ታካሚው እናንተን እንዴት እንደሚጠራችሁም መረጃ ነው። በአክብሮት ሲያናግር የቆየ ሰው በአምስት ደቂቃ ውስጥ «አንተ» እያለ ትከሻ መምታት ቢጀምር፣ በተለይ ቤተሰቡ «እንዲህ ያለ ሰው አልነበረም» ካሉ፣ የማኒያ (ከልክ ያለፈ መነቃቃትና ደስታ የሚታይበት ሕመም) ልቅነት ሊሆን ይችላልና ይጻፍ።

መልክና እንቅስቃሴ

ያያችሁትን ጻፉ፤ «ንጽሕናውን ያልጠበቀ» ከማለት «ጥፍሩ ያደገ፣ ሸሚዙ የተቀደደ፣ በሙቀት ሁለት ካፖርት የደረበ» ማለት ይበልጣል። ጥቁር ልብስና የተላጨ ፀጉር ሐዘን ሊሆን ይችላል፤ ማን እንደሞተና መቼ እንደሆነ ጠይቁ። ከገጠር የመጣች ወጣት ሐኪም ፊት አንገቷን ደፍታ ብትመልስ ያሳደጋት ሥርዓት ነው። ዓይን ለዓይን አለማየትን የድባቴ ወይም የጥርጣሬ ምልክት ከማለታችሁ በፊት አብሯት ከመጣችው እኅቷ ጋር ስትነጋገር እንዴት እንደምትመለከት እዩ።

ከእንቅስቃሴ ሁሉ ብዙ ጉዳት የሚያስከትል ስሕተት የሚፈጠረው በአካቲዝያ፣ ማለትም መድኃኒት በሚያመጣው መቁነጥነጥ ላይ ነው። ሃሎፔሪዶል ወይም ክሎርፕሮማዚን የተባለ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የጀመረ ሰው ይነሣል፣ ይቀመጣል፣ ባለበት ይረግጣል። «ታካሚው ተረብሿል» ተብሎ መድኃኒቱ ይጨመርለታል፤ መቁነጥነጡም ይብስበታል። መለያው ጥያቄ ቀላል ነው፦ «የሚያስነሣዎት ሐሳብዎ ነው ወይስ እግርዎ?» አካቲዝያ ያለበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ «እግሬን ያቁነጠንጠኛል፣ አላስቀምጥ አለኝ» ይላል። የእጅ መንቀጥቀጥን፣ የአንገት ወይም የምላስ መጣመምን፣ ለዓመታት መድኃኒት በወሰደ ሰው ላይ ደግሞ የአፍና የከንፈር ማላመጥን እዩ። ዝም ብሎ የቆመን ሰው እጁን ቀስ ብላችሁ ከፍ አድርጉት፤ በዚያው ከቀረ ካታቶኒያ (ሰው ሳይንቀሳቀስና ሳይናገር ደርቆ የሚቀርበት ሁኔታ) ሊሆን ይችላልና መብላት መጠጣቱን አጣሩ። እህል ውኃ ካቆመ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይግባ።

ንግግር

ፍጥነቱን፣ ድምፁን፣ ብዛቱንና ከጥያቄው እስከ መልሱ ያለውን ጊዜ ጻፉ። ስታቋርጡት ይቆማል ወይስ በላያችሁ ይቀጥላል? መንተባተብና የቋንቋ ችግር ካለ ይመዝገብ፤ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ ሰው አጭር መልስ ቢሰጥ የንግግር ድህነት አይባልም።

ሙድና አፌክት

ሙድ ታካሚው የሚነግረን ስሜቱ ነው፤ አፌክት እኛ ፊቱ ላይና ድምፁ ውስጥ የምናየው ነው። «እንዴት ነዎት?» ብሎ መጠየቅ እዚህ አይሠራም፤ ልጁን ትናንት የቀበረ ሰውም «እግዚአብሔር ይመስገን»፣ «አልሐምዱሊላህ» ይላልና። ይህ ሰላምታ ነው፤ ካርድ ላይ «ሙድ፦ ደህና» ተብሎ መጻፍ የለበትም። ይልቅ «ሰሞኑን ውስጥዎ እንዴት ነው? ሲነሡ ሲተኙ ምን ይሰማዎታል?» በሉ።

የሚመጣውን መልስ በራሱ ቃል በጥቅስ ጻፉት። «ይከፋኛል» የሚል ሰው ጥቂት ነው። «ሆዴን ባር ባር ይለኛል»፣ «ሆድ ይብሰኛል»፣ «ጭንቅ ጭንቅ ይለኛል»፣ «ያብሰለስለኛል» ይላሉ። ብዙዎች ደግሞ ስለ ሰውነታቸው ያወራሉ፦ «ራሴን ያቃጥለኛል»፣ «ልቤን ያፍነኛል»፣ «ሰውነቴን ይወረኛል»። በራስ ምታትና በጨጓራ ሲመላለሱ የኖሩ ሰዎች ድባቴ ሳይታይ የሚያልፈው እዚህ ላይ ነው። የሰውነቱን ሕመም ሳትንቁ፣ «ይህ ሕመም ከጀመረዎት ወዲህ ድሮ ደስ ይልዎት የነበረው ነገር አሁንም ደስ ይልዎታል?» ብላችሁ ተሻገሩ። ቡናው፣ ዕድሩ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ መሄዱ፣ የልጅ ልጅ ማየቱ እየተነሣ ይጠየቅ።

የምግብ ፍላጎትና እንቅልፍ በጾም ወራት ያሳስታሉ። በዐቢይ ጾም ወይም በረመዳን የከሳ ሰው «የፍስክ ቀን ሲሆንስ»፣ «ማታ ሲያፈጥሩስ ምግቡ ይጥምዎታል?» ተብሎ ይጠየቅ። ሌሊት ለኪዳን የሚነሣ ሰውና ከለመደው ሰዓት ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ ቀድሞ ነቅቶ ጣራ ሲያይ የሚነጋበት ሰው የተለያዩ ናቸው።

ለአፌክት አራት ነገር ይበቃል፦ ስፋቱ (ፊቱ ይለዋወጣል ወይስ እንደ ደረቀ ነው)፣ ጥንካሬው፣ መለዋወጡ፣ ከሚናገረው ጋር መስማማቱ። የእናቷን ሞት እየተናገረች ፈገግ የምትል ሴት ግን አፌክቷ የማይስማማ ነው ብላችሁ አትቸኩሉ፤ በእንግዳ ፊት ሐዘንን በፈገግታ መሸፈን ጨዋነት የሆነበት ቤት ብዙ ነው።

የሐሳብ አካሄድ

ለመጀመሪያዎቹ 5 ደቂቃዎች ሰፊ ጥያቄ ጠይቃችሁ ሳታቋርጡ ስሙ። ጥያቄው ሁሉ «አዎ» ወይም «አይ» ከሆነ የሐሳብ መዛባት ተደብቆ ይቀራል። ዙሪያ ጥምጥም ሄዶ በመጨረሻ መልሱ ላይ የሚደርስ አለ፤ ሄዶ ሄዶ ከነጭራሹ የማይደርስም አለ። ከአንዱ ሐሳብ ወደ ሌላው ቢዘልም መሸጋገሪያው የሚገባችሁ ከሆነ፣ በተለይ ቃላት ቤት እየመቱ የሚጎትቱት ከሆነ፣ ወደ ማኒያ ያመለክታል። ዓረፍተ ነገሮቹ አንድ በአንድ ሲሰሙ ደህና ሆነው እርስ በርሳቸው ምንም ካልተያያዙ የሐሳብ መላላት ነው። ረጅም ሰላምታን፣ ቅኔ አዘል አነጋገርንና ነገርን በምሳሌ መጀመርን ግን ከዚህ አትቁጠሩ። ከተጠራጠራችሁ ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር እንዳለ ጻፉ፤ ከማንኛውም የሙያ ቃል ይልቅ ቀጣዩን ባለሙያ ይረዳዋል።

የሐሳብ ይዘት

ዴሉዥንን (በማስረጃ የማይናወጥ የተሳሳተ እምነትን) ስትፈልጉ በቀላሉ ጀምሩ፦ «የሚከታተልዎት ወይም ሊጎዳዎት የሚፈልግ ሰው አለ?» «በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥን ወይም በስልክ ስለ እርስዎ ይነገራል?» «የእርስዎ ያልሆነ ሐሳብ ጭንቅላትዎ ውስጥ ይገባል?» «ያሰቡትን ሳይናገሩ ሰው ያውቅብዎታል?» ለመጨረሻው ጥያቄ «አዎ፣ አምላክ ያውቃል» የሚል መልስ ይመጣል። «አሁን የሚያስቡትን ይህች ነርስ ትሰማዋለች?» ብላችሁ አጥብቡት።

ቡዳ፣ መተት፣ ዛር፣ ሰይጣን ሲነሣ አስታማሚውን ለብቻው ሦስት ነገር ጠይቁ። ቤተሰቡና ጎረቤቱ ይህን ይጋሩታል? ታካሚው ከመታመሙ በፊትም እንዲህ አጥብቆ ያምን ነበር? በዚህ እምነት ምክንያት ምን አቆመ፦ ሥራ፣ ምግብ፣ ከቤት መውጣት? «ጎረቤቴ መተት አሠራችብኝ» ብዙ ሰው የሚለው ነው። «መተቱን በኔትወርክ እየላከች ሆዴ ውስጥ ካሜራ ተከለች፣ ስለዚህ ከ10 ቀን ጀምሮ አልበላሁም» ሲል ግን ቤተሰቡ ራሱ ይደነግጣል። ያ ድንጋጤ ጥሩ መለኪያ ነው። በሌላ በኩል በመሬት ክርክር ዛቻ የደረሰበት፣ ከግጭት አካባቢ የተፈናቀለ ወይም በአረብ አገር አሠሪዋ ቤት ተዘግቶባት የኖረች ሰው የሚናገሩት ስደት እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሳያጣሩ ዴሉዥን ብሎ መጻፍ በደል ነው።

አትከራከሩ፣ አብራችሁም አትመኑ። «እኔ አላየሁትም፤ ግን በጣም እንዳስፈራዎት ይገባኛል» የሚለው ሁለቱንም ይጠብቃል።

ራስን የማጥፋት ሐሳብ በእያንዳንዱ ምርመራ ይጠየቅ። መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርም፤ አብዛኛው ሰው የሚጠይቀው በማግኘቱ ይቀልለዋል። ቤተሰብ ባለበት ግን አይጠየቅም፤ ነውርም ኃጢአትም ነው ተብሎ ስለሚፈራ «ኧረ በጭራሽ» ይባላል። አስታማሚውን አስወጥታችሁ ደረጃ በደረጃ ሂዱ፦

«ይህ ሁሉ ሲከብድዎት መኖር ያስጠላዎታል?»
«ተኝቼ ባልነቃ፣ አምላክ በወሰደኝ ብለው ያውቃሉ?»
«ራስዎን ለማጥፋትስ አስበዋል?»
«እንዴት አድርገው እንደሆነ አስበዋል? ያሰቡበት ነገር ቤት ውስጥ አለ? መቼ ብለው አስበዋል?»
«ከዚህ በፊት ሞክረው ነበር?»
«እስካሁን ምን ያዘዎት?»

ብዙ ባለሙያ «አምላክ በወሰደኝ» ላይ ደርሶ ይቆማል፤ ያ ገና ሁለተኛው ደረጃ ነው። የመጨረሻው መልስ (ልጆቼ፣ እናቴ፣ ሃይማኖቴ) ለሕክምናው መያዣ ስለሚሆን በቃሉ ይጻፍ። እቅድ ያለው ሰው ብቻውን አይተውም፤ ቤት ያለ ፀረ ተባይ ኬሚካልና የተረፈ መድኃኒት በዚያው ቀን እንዲወጣ ወይም እንዲቆለፍ ለቤተሰቡ ይነገር፤ ታካሚውም በአስቸኳይ ይላክ። አራስ እናትን ስለ ሕፃኑም ጠይቁ፦ «ልጁን ልጎዳው ይሆን የሚል ሐሳብ ይመጣብዎታል?» ሌላ ሰው ለመጉዳት ያሰበ ካለ ማንን እንደሆነ በግልጽ ይመዝገብ።

ያልተፈጠረን ነገር ማየትና መስማት

«ድምፅ ይሰማዎታል?» ቢባል ሰው ሁሉ «አዎ» ይላል፤ የእናንተንም ድምፅ እየሰማ ነውና። «ሰው በሌለበት፣ ሌላው የማይሰማው ድምፅ ለእርስዎ ብቻ ይሰማዎታል?» በሉ። አዎ ካለ፦ ድምፁ ከውጭ በጆሮ ነው ወይስ ከውስጥ? ስንት ናቸው? እርስዎን ያናግራሉ ወይስ ስለ እርስዎ እርስ በርስ ይነጋገራሉ? ያዝዛሉ? ምን? ታዝዘው ያውቃሉ? የሚያዝዝ ድምፅ ከተገኘ ወደ ራስ ማጥፋት ጥያቄዎች ተመለሱ።

እንቅልፍ ሲይዝ ወይም ሲለቅ የሚመጣ ድምፅና ዱካክ በጤነኛም ላይ አለ። ሐዘን ላይ ያለ ሰው የሟቹን ጥሪ መስማቱም እንዲሁ። በአንጻሩ በዋናነት ዓይን ላይ የሚታይ ነገር ወይም ቆዳ ላይ የሚሄድ ተባይ ሲነገር መጀመሪያ ዴሊሪየምን (ከሰውነት ሕመም ወይም ከመጠጥ ማቆም የሚመጣ ድንገተኛ ግራ መጋባትን) አስቡ። ለዓመታት በየቀኑ ሲጠጣ የኖረ ሰው መጠጥ ካቆመ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ሲያልበው፣ ሲንቀጠቀጥና የሌለ ነገር ሲያይ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው፤ ቀሪው ምርመራ ይቆይና ሕክምናው ይጀመር።

ንቃት፣ ትኩረትና ትውስታ

ትኩረት ከሌለ የትውስታ ፈተና ዋጋ የለውም፤ ስለዚህ ከትኩረት ጀምሩ። የተማረ ሰው ከ100 ላይ 7 እየቀነሰ ይሂድ፦ 93፣ 86፣ 79፣ 72፣ 65። ያልተማረ ሰው የሳምንቱን ቀናት ከእሑድ ወደ ኋላ ይቁጠር። ገበያ የምትውል ሴት ሂሳቡን በብር ብትጠየቅ ያለ ፊደል በትክክል ትመልሳለች፦ «የ35 ብር ዕቃ ገዝተው 100 ብር ቢሰጡ መልስዎ ስንት ነው?»

ሰዓትና ቀን ሲጠየቅ የሰውየው አቆጣጠር ይያዝ። ጠዋት «3 ሰዓት» ያለ ሰው ትክክል ነው፤ የሚያሳስተው ካርዱን በፈረንጅ ሰዓት የሚሞላው ባለሙያ ነው። ቀኑን በቁጥር የማይዝ ሰው «ትናንት ሚካኤል ነበር» ካለ ዛሬ 13 ነው ማለት ነው፤ ሙሉ መልስ ነው። «ከጁምዓ ማግስት» ማለትም ቅዳሜን በትክክል ማወቅ ነው። ዕድሜን በትክክል አለማወቅ የመርሳት ምልክት አይደለም። የሩቅ ትውስታን በጋብቻና በልጆች ቅደም ተከተል፣ ወይም በሚታወቅ ነገር ጠይቁ፦ በ1967 ንጉሡ ሲወርዱ፣ በ1983 ደርግ ሲወድቅ የት ነበሩ?

ለቅርብ ትውስታ የማይገናኙ ሦስት ቃላት፣ ለምሳሌ «በግ፣ መስኮት፣ ቅቤ»፣ በአንድ ሰከንድ ልዩነት ተናገሩ። ወዲያው ያስደግሙት፤ ከ5 ደቂቃ በኋላ ጠይቁት። ተኝተው በሚታከሙ ላይ ቃላቱን ቀያይሩ፤ አልጋ ለአልጋ ይማማራሉ። በድባቴ የተያዘ ሰው ሳይሞክር «አላውቅም» ይላል፤ ጊዜ ሲሰጠውና ሲበረታታ ግን ይመልሳል።

ረቂቅ አስተሳሰብን በተረትና ምሳሌ መፈተን የተለመደ ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ግን ትርጉሙ በትምህርት ቤት ስለሚጠና የሚለካው ትዝታን ሊሆን ይችላል። «በሬና ፈረስ በምን ይመሳሰላሉ?» የሚለው የተሻለ ይለያል፤ «የቤት እንስሳ ናቸው» እና «አራት እግር አላቸው» የተለያየ ደረጃ ያላቸው መልሶች ናቸው።

ኢንሳይትና ውሳኔ

ኢንሳይት ታካሚው ስለ ሕመሙ ያለው ግንዛቤ ነው፤ «ኢንሳይት የለውም» ብቻውን ግን ምንም አይነግርም። ሦስት ነገር ለየብቻ ይጻፍ፦ ታምሜአለሁ ይላል? የሚሰማውን ድምፅ የሕመሙ ክፍል አድርጎ ያየዋል? ሕክምና ይቀበላል? «መንፈስ ነው፤ ኪኒኑ ግን እንቅልፍ ይሰጠኛልና እወስዳለሁ» የሚል ሰው ሦስተኛውን አሟልቷል፤ ሕክምናውም በዚያ ላይ ሊቆም ይችላል። ጸበል ይሄድ እንደሆነና እዚያ ሳለ መድኃኒቱን ያቆም እንደሆነ ያለ ነቀፌታ ጠይቁ፤ የሚነቀፍ መስሎት የደበቀ ሰው መድኃኒቱ አልሠራም ተብሎ ሌላ ይቀየርለታል። ውሳኔን ከታካሚው ኑሮ ለኩ፦ ገንዘቡን እንዴት ያወጣል፣ መድኃኒቱ ቢያልቅበት ምን ያደርጋል?

አስተርጓሚ ሲኖር

ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ ተናጋሪን በአማርኛ ስትመረምሩም ሆነ በአሜሪካ፣ በአውሮፓ ወይም በእስራኤል ያለ አማርኛ ተናጋሪ በአስተርጓሚ ሲመረመር ስሕተቱ አንድ ነው፦ አስተርጓሚው የተዘበራረቀውን ንግግር አስተካክሎ ያቀርባል። አስቀድማችሁ «ትርጉም ባይሰጥም እንዳለው ንገሩኝ፤ ያልገባዎትንም አልገባኝም በሉ» በሉ። ልጅ ለእናቱ ወይም ለአባቱ አያስተርጉም፤ ስለ ሞት የሚጠየቀውን ጥያቄ ወላጅ በልጅ አፍ አይመልስም።

ካርዱ ላይ

ቀን፣ ሰዓት፣ ቋንቋ፣ አብሮ የነበረ ሰው፣ ከምርመራው በፊት የተወሰደ መድኃኒት መጀመሪያ ይቀመጥ። «ሳይኮቲክ፣ አይተባበርም» ከመጻፍ እንዲህ፦

«ጠዋት 4 ሰዓት፣ በአማርኛ፣ ወንድሙ ባለበት፣ ከዚያም ለብቻ። መድኃኒት አልወሰደም። ልብሱ ንጹሕ፣ በየ1 ደቂቃው ወደ መስኮቱ ይዞራል። ንግግሩ ዝቅ ያለ፣ መልሱ የሚዘገይ። ሙድ፦ ‹ሰላም አጥቻለሁ›። አፌክት፦ ፍርሃት የሚታይበት፣ ከንግግሩ ጋር የሚስማማ። ሐሳቡ የተያያዘ። የሥራ ባልደረቦቹ ሊመርዙት እንደሚፈልጉ ያምናል፤ ወንድሙ አይጋራውም። ሁለት የወንድ ድምፆች ስለ እሱ ሲያወሩ ይሰማል፤ አያዝዙትም። ራስን የማጥፋት ሐሳብ የለም (ለብቻው ተጠይቋል)። ቀንና ቦታ ያውቃል፤ ከ3 ቃላት 3ቱን አስታውሷል። ታምሜአለሁ አይልም፤ ለእንቅልፉ መድኃኒት ይቀበላል።»

ዴሊሪየም ከተጠረጠረ በዚያው ቀን ምሽት ይደገም፤ ጠዋት በትክክል የመለሰ ሰው ማታ የት እንዳለ ሊጠፋው ይችላል።